ከከፈትነው አይቀር

ስልኩ ሲጮኽ ልብስ ሰፊው ማን እንደደወለ ሳይነገረው ያውቅ ነበር። ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ የሰው ሆድ ሞልቶ ልቡ በሚለሰልስበት ሰዓት የሚደውለው ጋራዡ ብቻ ነው። የምታነሳው ሚስቱ ናት። «እህ» ትላለች፣ ታዳምጣለች፣ አሁንም «እህ» ትላለች፣ በመጨረሻ የታመመ ጉልበቷን በመዳፏ እያሻሸች «ይሁን፣ ሥራው» ብላ ትዘጋለች።

«ዛሬስ ምን ከፈቱ?» አላት ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳይል።

«ፍሬኑን። ቱቦዎቹ በስብሰዋል አለ። ከከፈትነው አይቀር እነሱንም እንቀይራቸው ነው የሚለው።»

«ስንት ሙሉ ልብስ ይሆናል?»

«ሁለት። ሁለት ተኩል በለው።»

«ግማሹ ኮቱ ነው ሱሪው?»

«አንተ ደግሞ!» አለችና ሳቀች።

በዚያ ቤት ገንዘብ የሚቆጠረው በሙሉ ልብስ ነው። ልብስ ሰፊው ዕድሜውን ሁሉ ኮትና ሱሪ ሲሰፋ ስለኖረ ቁጥር ብቻውን ሲመጣበት አይገባውም። የመብራቱንም የሐኪሙንም ሂሳብ በሙሉ ልብስ ካልመነዘረው ውድ ይሁን ርካሽ አይለይም። ሚስቱ መጀመሪያ ትስቅበት ነበር። ኋላ ግን ተጋባባትና አንድ ቀን ማቀዝቀዣ ልትገዛ ገብታ «አራት ሙሉ ልብስማ አልሰጥህም!» ብላ ሻጩን ግራ አጋብታዋለች።

ይህች «ከከፈትነው አይቀር» የምትባል ነገር ኪስ በማራገፍ የሚወዳደራት የለም። ክፋቷ ውሸት አለመሆኗ ነው። ሌባ ብቻ ቢናገራት ኖሮ ሰው ይጠነቀቃት ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገራት ግን ሥራውን ከልቡ የሚወድ ሰው ነው። ልብስ ሰፊው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። እሱ ራሱ «ከተተረተረ አይቀር ገበሩንም እንለውጠው» እያለ ለአንድ ቁልፍ የመጣውን ስንቱን ደንበኛ አዲስ ገበር፣ አዲስ ኪስና አዲስ ኮሌታ ገጥሞለት ሸኝቷል። ሰውየውም አመስግኖ ነበር የሚሄደው። ስለዚህ ጋራዡ በደወለ ቁጥር ልብስ ሰፊው የሚቆጣበት አፍ አልነበረውም፤ የገዛ ቃሉ ናት ቤቱ ድረስ ተከትላ የመጣችው።

ሚስቱን ከተማው ሁሉ «እትዬ ፍሬን» ነው የሚላት። የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበረች። ቤት ውስጥ ድምፅ የሌላት ሴት፣ መኪና ውስጥ ስትገባ ሌላ ሰው ትሆናለች። «ፍሬን! ፍሬን አልኩህ! እግርህን እንቅልፍ ወሰደው እንዴ?» እያለች ስትጮህ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሳይቀር ባለበት ቀጥ ይላል። የአውቶቡስ ሾፌሩም፣ ዳኛውም፣ መድኃኒት ቤት ያለችው ሴትዮም በእሷ ጩኸት ነው መንገድ የወጡት።

ያስተማረችበት መኪና ከእሷና ከልብስ ሰፊው ትዳር በዕድሜ ጥቂት ብቻ የሚያንስ አሮጌ መኪና ነው። መብራቶቹ ክብ ክብ ናቸው፤ በሩ ሲዘጋ እንደ ቁም ሳጥን ድም ይላል። ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ደግሞ እሷ ያስገጠመቻቸው ሁለት ተጨማሪ መርገጫዎች አሉት፣ አንድ ፍሪሲዮንና አንድ ፍሬን። ተማሪው ሲሳሳት እሷ ከጎኑ ሆና ትረግጥለታለች።

የግራ ጉልበቷን የጨረሰውም ያ ፍሪሲዮን ነው። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገላት ሐኪም ራሱ ተማሪዋ ነበርና አንገቱን ደፍቶ «እትዬ፣ ከእንግዲህ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር እንዳይነኩ» ሲላት፣ «አንተው ነህ የበላኸው፤ ስንት ዳገት ላይ ነው ሞተር ያጠፋህብኝ!» አለችው።

ከዚያ ወዲያ መኪናው ሸራ ለብሶ ከቤታቸው በታች ግቢ ውስጥ ቆመ። እትዬ ፍሬን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ከላይ ሸራውን ታያለች። አታጉረመርምም፣ አታለቅስም፤ ዝም ብላ ታያለች። ልብስ ሰፊው ያ ዝምታ ከበደው። ድሮ ከሥራ ስትመለስ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ሳል ሳል እያላት፣ የተማሪዎቿን ጥፋት በሹክሹክታ ታወራለት ነበር። እሱን ናፈቀ።

ልጃቸው በሌላ ከተማ ትኖራለች። በየሳምንቱ ትደውላለች፤ የምትለውም አንድ ነገር ነው። «አባዬ፣ መኪናውን ሽጡትና ደረጃ የሌለው ቤት ፈልጉ። እማዬ በዚያ ጉልበቷ ሦስት ፎቅ እስከ መቼ ነው የምትወጣው?»

መጀመሪያ ይህን ያለችው ዕለት ልብስ ሰፊው ቆሌው ተገፈፈ። «በምን ልስፋ ታዲያ?» አለ።

«የእማዬን መኪና'ኮ ነው የምልህ! ያንተን ማን ይገዛዋል?»

ሁለት መኪና ያለበት ቤት እንዲህ ነው። አንዱ ልብስ ይሰፋል፣ አንዱ ሰው ያመላልሳል። ሁለቱም አርጅተዋል፣ ሁለቱም ዘይት ይወዳሉ።

ልጅቷ ግን ልክ ነበረች። ደረጃ ለሌለው ቤት ብለው ያጠራቀሙት ገንዘብ ነበር፤ አብዛኛው የእትዬ ፍሬን የድካም ዋጋ ነው። አንድ ጠዋት ተነስታ ያንን ገንዘብ ለመኪናው ማደሻ እንደምታውለው ለልብስ ሰፊው ነገረችው። አላማከረችውም፤ ነገረችው። እሱም ለምን ብሎ አልጠየቃትም። የሚያውቅ መስሎት ነበር። መንዳት ናፍቋታል፣ ሌላ ምን ይሆናል? የማያውቀውን ደንበኛ ትከሻ ሁለት ጊዜ ለክቶ የሚቆርጥ ሰው የሚስቱን ልብ በዓይን ገምቶ አለፈ።

ጋራዡ የሦስቴ ነው። ሦስቴ ስሙ አይደለም፤ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሦስት ጊዜ ስለወደቀ እትዬ ፍሬን ያወጣችለት ነው። ዛሬ ሆዱ ገፍቶ፣ ፀጉሩ ሸሽቶ፣ ብዙ መካኒክ የሚያዝ ባለጋራዥ ሆኖም እሷ በግቢው በር ስትገባ ሲጋራውን ከጀርባው ይደብቃል። አሮጌ መኪና እንደ አዲስ አድርጎ በመሥራት ስሙ የታወቀ ነው። ዋጋውም እንደ ስሙ ነው።

መኪናውን የወሰዱለት ዕለት ኮፈኑን ከፍቶ አየ፣ ከሥር ተንጋሎ ገብቶ ወጣ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ካምቢዮው አውቶማቲክ ይሁን፣ መሪው ይቅለል፣ ፍሬኑም ይቅለል ካሉኝ እሠራዋለሁ። ግን በዚህ ገንዘብ ሌላ ደህና መኪና ይገዙበታል። ለነዳጅም ይተርፍዎታል።»

«ሌላ መኪና ጠየቅኩህ?»

«አልጠየቁኝም።»

«የሌላውን መኪና ጠባይ አላውቅም። ይሄኛው ተማሪው ሊሳሳት ሲል አስቀድሞ ይነግረኛል። ዋጋውን ብቻ ንገረኝ።»

ልብስ ሰፊው አጠገቧ ቆሞ ይህን በጆሮው ሰማ። የድሮውን ጊዜ እያወራች መሰለው።

ሦስቴ ዋጋውን ተናገረ። ልብስ ሰፊው በሆዱ መነዘረው፤ ሠላሳ ሙሉ ልብስ። አንድ የማርሽ ባንድ ከነመሪው የሚለብሰው ማለት ነው። እትዬ ፍሬን ዓይኗን ሳታሽ «ሥራው» አለች።

እንዲህ ተጀመረ። ካምቢዮው ሲወርድ የሞተሩ መያዣዎች ተሰነጣጥቀው ተገኙ፤ ከከፈትነው አይቀር ተቀየሩ። የወለሉ ምንጣፍ ሲገለጥ ከሥሩ ዝገት ተገኘ፤ ከከፈትነው አይቀር የዛገው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተበየደ። መሪው ሲፈታ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ልጣጭ ሆነው ወጡ፤ እነሱም አልቀሩም። በማርሽ ባንዱ ላይ ዘፋኞች ተጨመሩበት፣ በዘፋኞቹ ላይ ተወዛዋዦች። ልጅቷ በስልክ ትቆጣለች፣ እናቷ ታዳምጣለች፣ ጋራዡ ይደውላል፣ እናቷ «ሥራው» ትላለች።

እውነቱን ለመናገር ግን ያ ሰሞን ቤቱ ደስ ይል ነበር። «ከከፈትነው አይቀር» ቀልድ ሆነችላቸው። እትዬ ፍሬን «ከተነሳሁ አይቀር ሻይ ልጣድ» ትላለች። እሱ መብራት ሲያጠፋ «ከተኛን አይቀር እናንኮራፋ» ይላል። ለጉልበቷ እንቅስቃሴ ወደምታሠራት ባለሙያ ዘንድ ሳትለመን መሄድ ጀመረች። መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበሯ ላይ ልብስ ሰፊው የተቆራረጠ ጨርቅ ሲከምርበት እንኳ ልብ አላለችም። በዚህ ከቀጠለ ምነው ሙሉ ሻንጣ ልብስ ቢሄድ፣ አለ በሆዱ።

አንድ ጠዋት ስልኩ ሲጮኽ እሷ አልነበረችም። ጉልበቷን ልታሠራ ስትሄድ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ረስታው ነበር። ልብስ ሰፊው አነሳው።

«ጋሼ፣ እትዬ የሉም?»

«የሉም። ደግሞ ምን ከፈታችሁ?»

ሦስቴ ሳቀ። «ዛሬስ ልንዘጋ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን። ፍሬኑን የሚያቀለው አዲሱ ዕቃ መቀመጫ አጣ። በጎን በኩል ያለው የእትዬ ፍሬን መርገጫ ዘንጉ እዚያው ላይ ነው የሚያልፈው። የፍሪሲዮኑ ድሮም ወጥቷል፣ አውቶማቲክ ስለሆነ አያስፈልግም። የፍሬኑን ግን ወይ ሌላ ዘንግ አሠርተን በሌላ በኩል እናዞረዋለን፣ ወይ እንነቅለዋለን።»

«ማዞሩ ስንት ይፈጃል?»

ነገረው። ስድስት ሙሉ ልብስ ነበር።

«መንቀሉስ?»

«መንቀሉማ በነፃ ነው። እንዲያውም ለእግር ሰፋ ይላል።»

በነፃ የሚለው ቃል ከዚያ ጋራዥ ሲወጣ ልብስ ሰፊው ሰምቶ አያውቅም። ነገሩን አሰበው። ማስተማሩ ቀርቷል። አሁን እሷ መሪው ጋ ትቀመጣለች፣ እሱ ከጎኗ ይሆናል፤ ተሳፋሪ ፍሬን ምን ያደርግለታል? ደንበኛን ከማይረባ ወጪ ያዳነ ሰው ደስታ ተሰማው። ስንት ወር ሙሉ ሲደመር የከረመ ነገር በእሱ እጅ ሊቀነስ ነው።

«ንቀለው» አለ።

«እትዬን ልጠይቃቸው እንዴ?»

«እኔ እነግራታለሁ።»

ሊነግራትም ነበር። ግን ስትመለስ ፊቷ በርቶ፣ ደረጃውን አንዴ ብቻ አርፋ እንደወጣች እያወራች ገባችና ወሬው በዚያው ሄደ። ማታ ትዝ ሲለው ደግሞ ዝም ልበላት፣ የመጨረሻው ሂሳብ አንሶ ሲመጣ ትደነቅ፣ አለ። ሰው ደግ ነገር የሠራ ሲመስለው እንዲህ ሞኝ ይሆናል።

ከጥቂት ቀን በኋላ እትዬ ፍሬን ከልጃቸው ጋር በስልክ ስታወራ እሱ የሱሪ ጫፍ ይሰፋ ነበር። ልጅቷ እንደልማዷ ስለ ገንዘቡ እየተቆጣች መሆኗ ያስታውቃል። እትዬ ፍሬን የስፌት መኪናው ድምፅ የሚከልላት መስሏት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ለራሴ ቢሆንማ ታክሲ ያንሰኛል? ለሥራ ነው እንጂ። ጉልበቴን የምታሠራኝ ልጅ ራሷ ልማር ብላለች፣ እህቷም፣ ከታች ያለችው ነርስም። ሌላ ቦታ ጀምረው ነበር፤ አስተማሪው ስልኩን እያየ ነው አሉ የሚያስተምረው፣ ፈርተው ተዉት። አይዞሽ፣ እግሬ ሥር ፍሬን እስካለ ድረስ እኔ ምንም አልሆንም። አባትሽ? አልነገርኩትም። በዚህ ጉልበትሽ ይለኛል። መጀመሪያ መኪናው ተሠርቶ ይየው።»

የልብስ ሰፊው እግር መርገጫውን መርገጡን አላቆመም፤ እጁ ግን ጨርቁን ረሳው። ስፌቱ ከመስመር ወጥቶ ወደ ጉልበት መንገድ ጀመረ።

እንዴት አላሰበውም? ያቺ ሴት ሾፌር ሆና አታውቅም። ዕድሜዋን ሁሉ የተቀመጠችው ከጎን ነው። የእሷ ቦታ ያ ወንበር ነው፣ ሥራዋ ያ መርገጫ ነው፣ ስሟ ሳይቀር ያ መርገጫ ነው። ይህን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሰችው ወደ እሱ ለመመለስ ነው። እሱ ደግሞ በአንዲት ቃል አስነቀለው።

በማግስቱ ሱሪ ላደርስ ነው ብሎ ወጣና በቀጥታ ጋራዥ ሄደ። መኪናው ጎማ ላይ ቆሟል። ቀለሙ ያብለጨልጫል። ልብስ ሰፊው የጎኑን በር ከፍቶ ጎንበስ አለ። ወለሉ በአዲስ ላሜራ ተደፍኖ፣ ተቀብቶ፣ በላዩ ላይ ምንጣፍ ተለጥፎበታል። መርገጫ የሚባል ነገር እዚያ የነበረ አይመስልም።

«መልሰው» አለ።

«ምኑን?»

«ፍሬኗን። ልታስተምርበት ነው።»

ሦስቴ አፉን በእጁ ያዘ። «እነግራታለሁ አላሉም ጋሼ?»

«አልነገርኳትም።»

ሦስቴ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። ከዚያ እያዘነ አስረዳው። አሁን ይመለስ ከተባለ ዳሽቦርዱ ይወርዳል፣ ወለሉ እንደገና ይቆረጣል፣ ለፍሬኑ የተገጠመው ዕቃ ሁሉ ይፈታል። ያኔ ስድስት የነበረው አሁን አሥራ ሁለት ሙሉ ልብስ ሆኗል። በባንክ የቀራቸው ደግሞ የመጨረሻው ሂሳብ ሲከፈል ለአንድ ሰደሪያ አይበቃም።

«የጉልበቱን ልተውልዎት እችላለሁ፤ የዕቃውን ግን ከየት አመጣዋለሁ? ደግሞ እኔ ለእትዬ አልናገርም፣ ጋሼ። ከቤቴ ቢያባርሩኝ ይሻለኛል።»

መኪናውን ሊረከቡ የሚሄዱበት ቀን እትዬ ፍሬን ማልዳ ተነሳች። ለማስተማር የምታደርጋቸውን ሶላቸው ስስ የሆኑ ጫማዎች ከአልጋው ሥር አወጣች፣ በጨርቅ ወለወለቻቸው፣ አደረገቻቸው። ልብስ ሰፊው ቁርስ ላይ ሊነግራት አስቦ ነበር። ጫማዎቹን ሲያይ ተወው።

ደረጃ የምትወርደው በጎን ነው፤ አንድ እጇ መደገፊያው ላይ፣ አንድ እጇ እሱ ትከሻ ላይ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ታርፋለች። እዚያ ላይ ነገራት። ቦታውን የመረጠው ወደ ላይም ወደ ታችም ጥላው ልትሮጥ ስለማትችል ነው። ይህንንም ሲያስበው በራሱ አፈረ።

«አስተማሪ» አላት። ሲቆላመጣት እንዲህ ነው የሚላት። «ፍሬንሽን አስነቅዬዋለሁ።»

«የቱን ፍሬን?»

«በጎን ያለውን። ሦስቴ ደወለ፣ አንቺ አልነበርሽም። ማዞሩ ስድስት ሙሉ ልብስ ነው አለኝ፣ ንቀለው አልኩት። ልታስተምሪ እንደሆነ አላወቅኩም። በኋላ ከልጅቷ ጋር ስታወሪ ሰማሁ። አጥፍቻለሁ።»

እጇን ከትከሻው ላይ አነሳችና ግድግዳውን ያዘች። ከላይ አንድ በር ተከፍቶ ተዘጋ። እሱ ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ፣ ብትጮህበት ደስ ባለው። እሷ ግን በዚያችው በቤት ድምፅዋ፦

«ብትጠይቀኝ ስንት ሙሉ ልብስ ያስከፍልህ ነበር?» አለችው።

ግድግዳውን እየያዘች ብቻዋን ወረደች። እሱ ብትወድቅ ሊይዛት እጁን ዘርግቶ ከኋላዋ ተከተለ።

በታክሲ ሄዱ። ጋራዡ ግቢ ሲገቡ መኪናው መሃል ላይ ቆሞ፣ መካኒኮቹ ሥራቸውን ትተው ዙሪያውን ቆመው ነበር። ሦስቴ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል። እትዬ ፍሬን ቁልፉን አልተቀበለችውም። መኪናውን አንዴ ዞረችው፣ የጎኑን በር ከፈተች፣ ጉልበቷን በእጇ ደግፋ ገብታ ተቀመጠች። ቀኝ እግሯን ወደለመደችው ቦታ ዘረጋች። ምንጣፍ አገኘ።

እንደዚያው ሆና ቆየች።

«ለመመለስ ስንት ነው?» አለች በመጨረሻ።

ሦስቴ በፈራ ድምፅ ነገራት። እሷ ወደ ባሏ ዞረች።

«በልብስ?»

«አሥራ ሁለት።»

«አለን?»

«የለንም። ግን እሰፋዋለሁ» አለ ልብስ ሰፊው። «ሥራ እቀበላለሁ። ቀስ ብዬም ቢሆን አሥራ ሁለቱንም እሰፋለሁ።»

«በየትኛው ዓይንህ ክር አስገብተህ?»

«ክሩን አንቺ ታስገቢልኛለሽ።»

አልሳቀችም። ግን ፊቷንም አላዞረችበትም።

ሦስቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ እኔ የምለው፣ እርስዎ'ኮ ያለ ፍሬንም ቢሆን ...»

«ዝም በል አንተ ሦስቴ! ፍሬን ሳልይዝ የሰው ልጅ ከጎኔ አስቀምጬ መንገድ አልወጣም። ሴቶቹ ይጠብቃሉ። ተሠርቶ ሲያልቅ እጠራቸዋለሁ።» ከዚያ ለባሏ በአገጯ ምልክት ሰጠችው። «አንተ ና፣ ግባ።»

«ከኋላ?»

«መሪው ጋ።»

ልብስ ሰፊው ዘወር ብሎ ሦስቴን አየ፣ ሦስቴም እሱን አየ። ዕድሜውን ሁሉ መሪ ጨብጦ አያውቅም። እሷ ላስተምርህ አላለችውም፣ እሱም አልጠየቃትም።

«እትዬ፣ አሁን የሰው ልጅ አላስቀምጥም አላሉም?» አለ ሦስቴ።

«እሱ የሰው ልጅ አይደለም፤ የራሴ ነው። ይልቅ እነዚህን ጎረምሶች ከመንገድ አንሳልኝ።»

መካኒኮቹ ወደ ግድግዳው ሸሹ። ልብስ ሰፊው ገብቶ ተቀመጠና መሪውን እንደ ትኩስ ካውያ በጣቶቹ ጫፍ ያዘው። ላቡ ከወዲሁ ሸሚዙን አጣብቆታል። እትዬ ፍሬን በቀኝም በግራም ያለውን አሳየችው። ይሄ ቤንዚን፣ ይሄ ፍሬን፤ ግራ እግርህን እርሳው፣ ሥራ የለውም። ይሄን ዘንግ ወደዚህ፤ አሁን እግርህን ከፍሬኑ ላይ ቀስ አድርገህ አንሳ።

አነሳ። መኪናው ማንም ሳይገፋው መሄድ ጀመረ።

«ማነው የሚነዳው?» አለ በድንጋጤ።

«አንተ ነህ!»

«እኔ ምንም አላደረግኩም!»

«ዝም ብለህ ፊትህን እይ! በርሜሉን! በርሜሉን አታየውም? ፍሬን! ፍሬን አልኩህ!»

ረገጠው፤ ሁለቱም ወደፊት ተወርውረው ተመለሱ። ግድግዳው ጋ ያሉት መካኒኮች ሳቃቸውን ዋጡ። ልብስ ሰፊው በዚያን ጊዜ ነው በዓይኑ ጥግ ያያት። አንድ እጇ የበሩን እጀታ ሙጭጭ አድርጎ ይዟል፣ ጣቶቿ ነጥተዋል። ቀኝ እግሯ ምንጣፉ ላይ እስከ መጨረሻው ተጭኖ ቀርቷል። ይህን ያህል ዓመት ከማያውቁት ሰው ጎን ስትቀመጥ ፈርታ የማታውቅ ሴት እየፈራች ነው። ለእሱ ብላ ነው የተቀመጠችው። አንጀቱን በላችው።

«ይቅርብን» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንውረድ።»

«አንሳ እግርህን።»

አነሳ። በርሜሉን ዞሩት፣ የተከመሩትን ጎማዎች ዞሩ፣ ሞተር የሌለውን የጭነት መኪና ዞሩ። መሪው እንደ ሐር ጨርቅ ቀሏል፣ ሞተሩ ድምፁ አይሰማም። የወጣበት ገንዘብ ሁሉ እጁ ላይ ይታወቀዋል። እሱ ግን ሌላ ነገር እያዳመጠ ነበር። መታጠፊያው በቀረበ ቁጥር፣ እሷ ገና ቃል ሳትተነፍስ፣ ስሱ ጫማዋ አዲሱ ምንጣፍ ላይ ሲጫን ሲጥ የሚል ድምፅ ያሰማል። እትዬ ፍሬን ሳታውቀው የሌለውን ፍሬን እየረገጠች ነው።

ከዚያ ወዲያ ጩኸቷን አልጠበቀም። ጫማዋ ሲጥ ሲል እሱ ይረግጣል። ጫማዋ ሲነሳ እሱም ያነሳል። ቀስ እያለ መወራጨቱ ቀረና መኪናው እሷ በረገጠችበት ቦታ፣ እሷ በረገጠችው ልክ ይቆም ጀመር።

ልብ ለማለት ጥቂት ወሰደባት። በጭነት መኪናው በኩል ሲያልፉ መንገዱ ነፃ ሆኖ ሳለ ሆን ብላ እግሯን ተጫነች። መኪናው ለስለስ ብሎ ቆመ። ወደ እሱ ዞራ አየችው፤ እሱ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አላነሳም።

እትዬ ፍሬን እጇን ከበሩ እጀታ ላይ አወረደችና ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

«ቀጥል» አለችው።